ማኅተሙ ለባለቤቱ፦ የገጠር ቀበሌ ራስ አስተዳደር ማኒፌስቶ

አብዛኛው የኢትዮጵያ ገበሬ መንግሥትን የሚያውቀው በቀበሌው በኩል ነው። የልጁ ልደት የሚመዘገበው፣ ለማዳበሪያ ስሙ የሚጻፈው፣ የድንበር ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው፣ ሴፍቲኔት የሚገባውና የማይገባው የሚለየው፣ የመሬት መጠቀሚያ ግብሩ የሚከፈለው፣ ወደ ከተማ ለሚሄድ ልጁ መታወቂያ የሚወጣው በዚያው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። ባሏ የደበደባት ሴት መጀመሪያ የምታንኳኳው በር ይኸው ነው። ጎርፍ ማሳ ሲወስድ፣ ተምች ሲገባ፣ ምንጭ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚሰማውም እሱ ነው። በአገራችን 15 ሺህ ገደማ የገጠር ቀበሌዎች አሉ፤ ከሕዝባችን ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚኖረው በእነዚህ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክም የተጫነበት ተቋም ግን በሕግ ተቆርጦ የሚሰጠው በጀት የለውም። የሰበሰበውን ግብር ለወረዳ አስረክቦ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሊቀመንበሩ በአብዛኛው ከእርሻው ሰዓት ቀንሶ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ገበሬ ነው። ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥረውና የሚያዛውረው ወረዳ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ርእሰ መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሪፖርታቸውን የሚልኩት ለየመሥሪያ ቤታቸው ነው። ነዋሪው ለስብሰባ ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ግን ከላይ የተወሰነውን እንዲሰማ፣ ቢበዛ እንዲያጨበጭብ ነው።

እኛ ይህ እንዲለወጥ ተነሥተናል። ቀበሌ የራሱ ገንዘብ ያለው፣ ነዋሪው ተሰብስቦ የሚወስንበት፣ ሒሳቡ በአደባባይ የሚነበብ፣ መሪውን ራሱ መርጦ ራሱ የሚያወርድ፣ በሕግ ሰውነት የተሰጠው የሕዝብ ተቋም ይሁን እንላለን። ትእዛዝ ከላይ ተንከባልሎ የሚያርፍበት የመጨረሻው ደረጃ ሆኖ ግማሽ ምእተ ዓመት ቆይቷል። ከእንግዲህ መንግሥት የሚጀምርበት የመጀመሪያው ቦታ ይሁን። የገጠር ልማት ለምን እንደሚንገዳገድ፣ የተሠራው እርከን ለምን እንደሚፈርስ፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ለምን በዓመቱ ፓምፑ ተበላሽቶ እንደሚቆም በየሴሚናሩ ሲጠየቅ ሰምተናል። መልሱ በእኛ እምነት ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሰው ያልወሰነበትን ነገር የራሱ አድርጎ አይጠብቅም።

የተሰጠንና የተወሰደብን

ከ1967 በፊት ገጠሩን ያስተዳደሩት ባላባቱ፣ መልከኛው፣ ጭቃ ሹሙና አጥቢያ ዳኛው ነበሩ። በብዙ ቦታ፣ በተለይም በደቡብ፣ ያረሰው ሰው ምርቱን ከፍሎ ለባለርስቱ ይሰጥ፣ ጉልበቱንም ይገብር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችም አንድ ማኅበር እንዲያቋቁሙ አዘዘ። የእድገት በኅብረት ዘማቾች፣ አብዛኞቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች፣ በየገጠሩ ተበትነው ገበሬውን አደራጁ። ያ ትውልድ በኋላ የደረሰበት መከራ የሚታወቅ ነው፤ በዚህ ሥራው እናከብረዋለን። በቀጣዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 71 ለገበሬ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ፤ የፍርድ ሸንጎ፣ የጥበቃ ጓድና የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙም ፈቀደ። ትናንት ገባር የነበረ ሰው ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ሲጀመር ጥቁር ሰሌዳው የተሰቀለው በእነዚሁ ማኅበራት አዳራሽና ዛፍ ሥር ነበር።

ይህ ተስፋ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ማኅበሩ የእህል ኮታ አስረካቢ ተደረገ፤ ገበሬው ምርቱን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእህል ገበያ ድርጅት እንዲሸጥ የሚያስገድደው የራሱ ማኅበር ሆነ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ የማን ልጅ እንደሚዘምት ዝርዝር የሚይዘው ያው የተመረጠ ሊቀመንበር ነበር። ከ1977 ጀምሮ መንደር ምሥረታው ሲመጣ ቤት አፍርሶ ወደ ሜዳ የማሻገሩ ሥራ በእሱው ላይ ወደቀ። ገበሬው ሊቀመንበሩን በሌሊት መፍራት ጀመረ። ሊቀመንበሩም በበኩሉ ወረዳውን ይፈራ ነበር።

መንግሥት በ1983 ሲለወጥ ሒሳቡ የተወራረደው በታች ባሉት ላይ ነው። በአማራ ክልል በ1989 መሬት እንደገና ሲከፋፈል በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገሉ ሰዎች ‹ቢሮክራት› ተብለው ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደረገ። ከመካከላቸው በሥልጣኑ የበደለ ነበረ፤ አልፎ አልፎም ጨካኝ ነበረ። ብዙዎቹ ግን ጎረቤት መርጧቸው፣ ከላይ የመጣውን እንቢ ማለት የማይችሉበት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በቀበሌ የሚሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ታሪክ ያውቁታል። ከላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሹመት ላይኛው ሲወድቅ የሚያርፍበት መሬት የለውም። የምንጠይቀው ለውጥ እነሱንም የሚጠብቅ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለእነዚያ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ይህ የሕጋችን ቃል ነው፤ እኛ አዲስ ነገር አልፈጠርንም። ቃሉ ምን ያህል ተፈጸመ? በ1994 የተጀመረው ያልተማከለ አስተዳደር ለወረዳዎች ጥቅል በጀት አመጣ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ወረዳ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በ2000 የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ በመላ አገሪቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች መቀመጫ ወደ 3.6 ሚሊዮን ተጠጋ። በቁጥር ሲታይ ይህን የሚያህል የሕዝብ ውክልና በየትም አገር ማግኘት ያስቸግራል። መቀመጫዎቹን ግን የያኔው ገዥ ግንባርና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ጠቅልለው ወሰዷቸው፤ ብዙው ምክር ቤትም ስብሰባ ተቀምጦ በጀት ያጸደቀበት ቀን የለም፣ የሚያጸድቀው በጀት ስላልነበረው። በ2005 አንድ ጊዜ ደግሞ ተመረጠ። በ2010 ሊካሄድ የሚገባው የአካባቢ ምርጫ ሳይካሄድ ቀረ። ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን ፊደል ቆጥሯል።

ሥልጣን ሲያገኝ ምን እንደሠራ

ገጠሩ ራሱን ማስተዳደር አይችልም የሚሉ ሰዎች የመሬት ምዝገባውን ይመልከቱ። በትግራይ ከ1990 ጀምሮ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ፣ ነዋሪው በየቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ መረጠ። ኮሚቴው ገመድና መዝገብ ይዞ ማሳ ለማሳ ዞረ። ድንበርተኞች ባሉበት ተለካ፤ የተከራከሩት እዚያው ተደመጡ፤ ዝርዝሩም ሰው አይቶ እንዲቃወም በአደባባይ ተለጠፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያዙ። ለዚያ የወጣው ገንዘብ ሌሎች አገሮች በውድ መሣሪያ ለተመሳሳይ ሥራ ካወጡት ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነበር። በአማራና በደቡብ ደብተሩ ላይ የሚስት ፎቶ ከባሏ ጎን ተለጠፈ። ለብዙ ሴቶች ያ ፎቶ ስትፈታ ወይም ባሏ ሲሞት ባዶ እጇን ከቤት እንዳትወጣ ያደረገ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ይህን ታላቅ ሥራ የሠሩት አብዛኞቹ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፉ ገበሬዎች ናቸው። ያስቻላቸውም የማሳውን ድንበር ማወቃቸው፣ ጎረቤት ፊት መዋሸት ማፈራቸውና ሥልጣኑ በእጃቸው መሆኑ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽኑም እንዲሁ ነው። ከ1995 ጀምሮ በእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች እንዲኖሩ ታቅዶ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠለጠኑ። ከዚያው አካባቢ የተመረጡ፣ ቋንቋውንና የእናቶችን ዐይነ አፋርነት የሚያውቁ ልጆች ስለነበሩ በር ተከፈተላቸው። ክትባት ያልደረሰበት ቤት የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። በአዲስ አበባ የሚገኝ ማንኛውም ቢሮ ይህን ማወቅ አይችልም።

አሁን ደግሞ ወደ መንዝ እንሂድ። በሰሜን ሸዋ ከፍታ ላይ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጓሳ ሣር ሜዳ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ለታች አገሩ ምንጮች የሚመነጩበት ቦታ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በድርቅ ዘመን ደግሞ ለከብት ማቆያ ይሆናል። መንዞች ይህን ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁት ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ተጠቃሚዎቹ የመረጧቸው ጠባቂዎች ሜዳውን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፍቱት ነበር፤ ሰርቆ ያጨደ ወይም ያሰማራ ይቀጣ ነበር። አቅም ያለው ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠብቅ ነበር። ሥርዓቱ ርስት የሌለውን ያገለለ እንደነበር አንደብቅም፤ ያ ጉድለት መታረም ነበረበት። የ1967ቱ አዋጅ ርስትን ሲሽር ግን ጠባቂውንም አብሮ ሻረ። ሜዳው የሁሉም ሆነና የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ጓሳው ታጨደ፣ ከፊሉም ታረሰ።

ጓሳን ያዳነው ከላይ የተላከ ዘበኛ አይደለም። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ነዋሪዎች ተሰብስበው ኮሚቴ መረጡ፤ መዝጊያና መክፈቻውን የሚወስን፣ ቅጣት የሚቆርጥ ደንብ አወጡ። በዚህ ጊዜ ርስተኛና ርስት አልባ የሚል ልዩነት የለም። በኋላም የክልሉ መንግሥት የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አጸናላቸው። ዛሬ ወደዚያ የወጣ ሰው ጓሳው በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ያያል። የምንሻው ቀበሌ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ አሳዩ ብንባል ጓሳን እናሳያለን። የአባቶችን የመጠበቅ ጥበብ ከዘመናዊው እኩልነት ጋር ያጋባ፣ መንግሥትም ሕግ ሰጥቶ ከኋላ የቆመለት ሥራ ነው።

የምንጠይቀው

መጀመሪያ ገንዘብ። ያለ ገንዘብ ሥልጣን የሚባል ነገር የለም። በቀበሌው ከሚሰበሰበው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ግብር ቢያንስ ግማሹ እዚያው እንዲቀር፣ ከወረዳው የካፒታል በጀት ውስጥም አንድ ሦስተኛው በቀበሌ ጉባኤዎች ውሳኔ ብቻ እንዲውል በክልል አዋጅ ይደንገግ። ይህ ቅዠት አይደለም። የሕንዷ ኬረላ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልማት በጀቷ ከሦስት እጅ አንዱን እና ከዚያም በላይ ለአካባቢ ምክር ቤቶች አውርዳ፣ የመንደር ሰዎች ቁጭ ብለው እንዲያቅዱ አድርጋለች። ታንዛኒያ ለመንደሮቿ ሕጋዊ ሰውነት የሰጠችው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ለገበሬ ማኅበራት በሰጠንበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። እነሱም በግዳጅ የመንደር ምሥረታ ውስጥ አልፈዋል። ሆኖም ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ነዋሪ ሁሉ አባል የሆነበት የመንደር ጉባኤያቸው ዛሬም በሕግ ቆሞ አለ፤ የመንደሩ ምክር ቤትም መሬት ሲሰጥ ከዚህ ጉባኤ ፈቃድ መውጣት የለበትም። እኛ አብረን ጀምረን ወደ ኋላ ቀርተናል።

ከገንዘቡ ጋር ደረሰኝ ይምጣ። ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለስፖርት፣ ለእንግዳ መቀበያ እየተባለ ከገበሬው የሚሰበሰብ መዋጮ በጉባኤ ያልተወሰነና ደረሰኝ የሌለው ከሆነ ማንም እንዳይከፍል፣ ባለመክፈሉም ማንም ጉዳዩ እንዳይዘገይበት እንጠይቃለን። በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ የሚወጣው ነጻ ጉልበትም ገንዘብ ነው። የአገሪቱ ትልቁ የገጠር ኢንቨስትመንት ምናልባት ይህ የገበሬ ጉልበት ሳይሆን አይቀርም። የት እርከን ይሠራ፣ የትኛው ተዳፋት ከከብት ንክኪ ነጻ ይሁን፣ በኋላስ ሣሩን ማን ይጨድ የሚለውን የሚወስነው ጉልበቱን የሚያወጣው ሰው ይሁን። ለሪፖርት ሲባል በኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን አንፈልግም።

ጉባኤው በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀመጥ፤ አንዱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በጥር፣ ሌላው ክረምት ሳይገባ በግንቦት። የጥር ወሩ ስብሰባ የዓመቱን ሒሳብ ያዳምጣል። ሒሳቡ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችል ሰው የመጠየቅ መብቱ ከሌላው አያንስምና። የግንቦቱ ስብሰባ የሚመጣውን ዓመት ሥራና በጀት ይወስናል። ከዋናው ጉባኤ በፊት በየጎጡ፣ ሴቶች ደግሞ ለብቻቸው ተቀምጠው ይነጋገሩ። ብዙ ስብሰባ ላይ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ዝም እንደሚሉ ሁላችንም እናውቃለን። ዝምታቸው ሐሳብ በማጣት የመጣ አይደለም። ውኃ የምትቀዳው ሴት የትኛው ምንጭ መቼ እንደሚቀንስ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከምክር ቤቱ ወንበርና ከሥራ አስፈጻሚው ግማሹ የሴቶች ይሁን፤ ሊቀመንበርነቱም በየምርጫው ዘመን በወንድና በሴት መካከል ተራ ይግባ።

ምርጫው በምሥጢር ድምፅ ይካሄድ፤ ሳይውል ሳያድርም ይካሄድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማውረድ እንደሚችል ይናገራል፤ ይህ መብት በቀበሌ ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ዝርዝር ደንብ ይውጣ። ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› የሚለው አሮጌ አባባል ከአፋችን የሚጠፋው የሾመውም የሚሽረውም ጎረቤት ሲሆን ነው።

ቀበሌና ፓርቲ ይለያዩ። የማንኛውም ፓርቲ ደጋፊ ሊቀመንበር ሆኖ ሊመረጥ ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን የፓርቲ ቢሮ፣ ማኅተሙም የፓርቲ ማኅተም አይሁን። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ ሴፍቲኔትና የእርዳታ እህል ከፓርቲ አባልነት ወይም ከስብሰባ መገኘት ጋር የተያያዙበት ዘመን ብዙ ቂም ጥሎ አልፏል፤ በአንዳንድ ቦታ አላለፈም። ልማትን በአንድ ለአምስት አደራጅቶ ጎረቤትን በጎረቤት ማስጠበቅ ሰው የሚተማመንበትን ነገር ሁሉ ያመነምናል። ማዳበሪያ የደረሰው፣ ሴፍቲኔት የገባና የወጣ፣ እህል የተቀበለ ሰው ስም ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውም ዝርዝሩን ካዘጋጁት ሰዎች የተለየ ይሁን።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወደ ሙያው ይመለስ። ሰብል፣ እንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ተምረው ለአንድ ቀበሌ ሦስት ሆነው የተመደቡ ወጣቶች ዕዳ ሰብሳቢ፣ ግብር አስታዋሽና ስብሰባ ጠሪ ሲሆኑ ገበሬው ሲመጡ ከሩቅ አይቶ ይሸሻቸዋል። ስለ ዋግ ሊነግሩት ቢመጡም አይሰማቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እንዲሁ ሥራዋ ባልሆነ ነገር ታልቃለች። እነዚህ ሠራተኞች ደመወዛቸውን ከወረዳ ይውሰዱ፤ ሥራቸውን ግን በዓመት አንድ ጊዜ የቀበሌው ጉባኤ ይገምግም፣ ቤትና ውኃ የሚያዘጋጅላቸውም እሱው ይሁን። በቅርብ ዓመታት ለቀበሌ ተቀጣሪ ሠራተኛ ለመጨመር የተጀመረውን ሥራ በደስታ እንቀበላለን። ተቀጣሪው ቢበዛም ውሳኔው ወረዳ ከቀረ ግን በቀበሌ የበዛው ወንበር ብቻ ነው።

የቀበሌው ጉባኤ በግጦሽ፣ በውኃ፣ በደንና በመንገድ ላይ ደንብ የማውጣት መብት ይኑረው፤ የመስኖ ውኃን በተራ የሚያከፋፍሉት የውኃ አባቶች፣ እድሩ፣ የወሎው ቅሬ፣ ደቦና ወንፈል በሕግ ዕውቅና አግኝተው አብረው ይሥሩ። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ደግሞ የቀበሌ ድንበር ከከብቱ መንገድ ጋር አይገጥምም። በቦረና የኤላውን፣ ማለትም የጥልቁን ጉድጓድ፣ ውኃ ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ መንጋው የሚሻገረውም የቀበሌ መስመር ሳይጠይቅ ነው። እዚያ ብዙ ቀበሌዎች አንድ የግጦሽ ጉባኤ ይኑራቸው።

ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶችና ሽማግሌዎች የጎረቤት ጠብን ይፍቱ። ጠለፋ፣ አስገድዶ መድፈርና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግን ወንጀል ናቸው፤ ‹በሽምግልና ይለቅ› ተብለው አይዳፈኑ። በዚህ ላይ አንደራደርም።

ለሚቃወሙን

የቀበሌ ሰው ገንዘብ ቢሰጠው ይሰርቀዋል የሚሉን አሉ። ይሰርቅ ይሆናል። ግን የሰረቀው ገንዘብ ያበራውን አዲስ ቆርቆሮ ጎረቤቱ በየማለዳው ያያል፤ ጥር ላይም ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ሌባ ማን ያየዋል? ኦዲት ከወረዳ ይምጣ፣ መዝገብ በሁለት ቅጂ ይያዝ፣ አንዱ ከቀበሌው ውጭ ይቀመጥ። ባለፉት የጦርነት ዓመታት መዝገባቸው የተቃጠለባቸው ቀበሌዎች ይህን ለምን እንደምንል ይረዱናል።

ሌላው ሥጋት ይበልጥ ከባድ ነው፤ በቅንነት ልንመልሰው ይገባል። ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ በቁጥር የሚያንሱት፣ ከሌላ አካባቢ የመጡት፣ በቋንቋ ወይም በሃይማኖት የሚለዩት፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ እንዳይገፉ ምን ዋስትና አለ? ባለፉት ዓመታት በአገራችን ሰዎች ‹የእኛ አይደላችሁም› ተብለው ከኖሩበት ቀበሌ ተፈናቅለዋል፤ ደማቸውም ፈስሷል። መታወቂያ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን የሰውን ሕይወት የሚወስን ሆኖ ያየንባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ይህን እንደ መሠረት ድንጋይ እናኖራለን፦ የቀበሌ ባለቤት በዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ነው። ብሔሩ፣ ሃይማኖቱ፣ ሥራውና የመጣበት ቦታ አይጠየቅም። የነዋሪነት መታወቂያ በዘር ምክንያት የከለከለ ሹም በሕግ ይጠየቅ፤ ተበዳዩም ጉዳዩን ከቀበሌው በላይ ላለ ፍርድ ቤት በቀጥታ ያቅርብ። ይህን የማይቀበል ሰው የዚህ ንቅናቄ አባል አይደለም።

ለእናንተ

የሰፈራችሁን ስም በልባችሁ ይዛችሁ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን፣ በሪያድና በቴል አቪቭ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ለትውልድ ቀያችሁ ገንዘብ የምታዋጡ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተም ነው። ጉራጌዎች በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተደራጅተው ለአገራቸው መንገድ ሲያሠሩ ከመንግሥት በፊት ቀድመዋል፤ አገር ቤት ያለውም ሰው ጉልበቱን ጨምሮበት ነበር። እናንተም የምትሠሩት ትምህርት ቤት ወይም የውኃ ጉድጓድ ቦታው የት ይሁን የሚለውን ለቀበሌው ጉባኤ ተዉለት። ገንዘባችሁን ከጉባኤው ቃለ ጉባኤና ከደረሰኙ ጋር ላኩ። እናንተ ስትጠይቁ ደረሰኝ የመስጠት ልማድ ይመጣል።

መምህራን፣ የልማት ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጆች፦ ከላይ የመጣውን ወደ ታች፣ ከታች የተሰማውን ወደ ላይ ስትሸከሙ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። የምታውቁትን ጻፉ። የማይሠራውን ዕቅድ አይሠራም በሉ።

የክልል ምክር ቤት አባላት፣ የአንቀጽ 50ን ቃል የሚፈጽም የቀበሌ አዋጅ ለማውጣት ማንንም መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው።

አንተ ገበሬው፣ አንቺ ገበሬዋ፣ አዋጁ እስኪወጣ አትጠብቁ። በሚመጣው ጥር ጎጣችሁን ሰብስቡ። ባለፈው ዓመት ከእናንተ ምን ያህል መዋጮ እንደተሰበሰበ፣ ምን እንደተሠራበት ቀበሌውን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱን በእድራችሁ ፊት አስነብቡ። ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ፈርሙበት፣ አንዱን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ።